ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ከውሻ ጋር፦ መንገዱ፣ ድንኳኑና የወዳጅ ቤት

ባለ ቦቢ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኅዳር አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ልንሄድ ነው። መኪናው ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ሲሆን የምንሄደው ሁለት ሰዎችና ቦቢ ነን። ቦቢ የሦስት ዓመት ወንድ ውሻ ነው፤ የአበሻና የጀርመን ሸፐርድ ድቅል፣ ክብደቱ 24 ኪሎ። ከተማ ውስጥ መኪና ለምዷል፣ ረጅም መንገድ ግን ሄዶ አያውቅም። ባሕር ዳር የሚኖር ጓደኛችን ጋ ሁለት ሌሊት፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ በድንኳን ሁለት ሌሊት ለማደር አስበናል።

ዓባይ በረሃን ከውሻ ጋር እንዴት መውረድ ይሻላል? ድንኳኑ የት ቢተከል ይመረጣል? ቦቢ ሐይቁ ውስጥ ቢዋኝ ችግር አለው? የጓደኛችን ግቢ ውስጥ የራሱ ውሻ፣ ሁለት በግና ዶሮዎች አሉ፤ እዚያስ እንዴት እናድርግ?

የጎጃም መስመር

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ይህ መስመር ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። በዋዜማው ማታና በመነሻችሁ ጠዋት ለጓደኛችሁ ደውሉ። መናኸሪያ ሄዳችሁም ከዚያ በኩል ትናንት የገባ ሾፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ። "አይመችም" ከተባላችሁ ጉዞውን አስተላልፉት። መሃል መንገድ ላይ ቢዘጋባችሁ በትናንሽ ከተሞች ውሻ የሚያስገባ አልጋ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ማታ አትንዱ፤ ከተማ ውስጥ የሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩንም አስቀድማችሁ እወቁ።

በደብረ ማርቆስ በኩል ርቀቱ ወደ 565 ኪ.ሜ ነው። ረጅም መንገድ ላልለመደ ውሻ በአንድ ቀን ብዙ ስለሆነ ለሁለት ክፈሉት። የመጀመሪያው ቀን እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪ.ሜ ገደማ፣ ሁለተኛው ቀን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጋችሁ ባሕር ዳር። ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት የሚሄደው መንገድ ያጥራል። ሆኖም ማደያውም፣ ጎሚስታውም፣ አልጋውም በዋናው መስመር ላይ ይበዛል፤ ለእናንተ ዋናው ይሻላል።

የዓባይ በረሃ ጉዳይ ዋናው የሰዓት ጉዳይ ነው። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት፤ ድልድዩ ግን ከ1100 ሜትር ብዙ አይርቅም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪ.ሜ ገደማ ነው። በዚያች ርቀት ከደጋ ቆላ ወርዳችሁ መልሳችሁ ደጋ ትወጣላችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሱሉልታን ካለፋችሁ በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪና በፍቼ አድርጋችሁ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጎሐ ጽዮን ትደርሳላችሁ፤ ሙቀቱ ሳይበረታም ከበረሃው ትወጣላችሁ። 7 ሰዓት ላይ የወረደ ሰው ከከባድ መኪና ጀርባ እየተንፏቀቀ ውሻውን በዋናው ሙቀት ውስጥ ያቆየዋል።

ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱት። ገና ሳትጀምሩ 2ኛ አስገቡ፤ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ እየያዛችሁ መልሳችሁ ልቀቁት። እግር ከፍሬን ላይ ሳይነሳ ከተወረደ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ እየሰመጠ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ከጉዞው በፊት ይቀየር። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ዳር ያዙና አቁሙ፤ በራሱ እስኪበርድ ጠብቁ እንጂ የጋለው ላይ ውሃ አትድፉ፣ ዲስኩ ይጣመማል። በረሃው ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ብዙ ቦታ ያበጠና የተሰነጠቀ ነው። በ30 ኪ.ሜ ፍጥነት ካልሆነ ኋላ ወንበር ላይ ያለ ውሻ ከጥግ ጥግ ይላጋል። ድልድዩ ላይ መቆምም ፎቶ ማንሳትም አይፈቀድም።

ኬላ ላይ የቦቢን መስኮት ዝጉ፤ ፈታሹ ወደ በሩ ሳይቀርብ "ውሻ አለ፣ ታስሯል" በሉ። ውረዱ ከተባላችሁ አንዳችሁ መጀመሪያ ማሰሪያውን በእጃችሁ ያዙ፣ ከዚያ በሩ ይከፈት። መሣሪያ የያዘ ሰው ላይ የሚጮህ ውሻ በድንገት ከመኪና ቢዘል ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ነዳጅ ከአዲስ አበባ ሙሉ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ጨምሩ። ትርፍ ጀሪካን ከያዛችሁ ኋላ ጭነቱ ላይ ይታሰር፤ ጋቢና ውስጥ ሽታው ውሻውን ያስታውከዋል። ስኮርት ጎማው ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም እንደሚሠራ አረጋግጡ። እነዚህ ከድንኳንና ከውሻ ዕቃ ሥር ተቀብረው ከሆነ ደግሞ ጎማ ለመቀየር ሁሉንም አስፋልት ላይ ማራገፍ ይመጣል።

ሐኪመ እንስሳ

ከላይ በተባለው ላይ የውሻውን ጤና ልጨምር።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መጀመሪያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ውሻ 21 ቀን ሳይሞላው ተከላክሏል አይባልም። ስለዚህ ለኅዳር አጋማሽ ጉዞ ጥቅምት ሳይጋመስ ይከተብ። ከተከተበ ዓመት አልፎት ከሆነም ይደገምለት። ደብተሩን ያዙ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። መንገድ ላይ ሌላ ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የተከተበ ቢሆንም እንኳ ለድጋሚ ክትባት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ስታጥቡ ጓንት አድርጉ፤ የነከሰው ውሻ ለሃጭ ጸጉሩ ላይ ይቀራል። ሰው ከተነከሰ አስተጣጠቡ ያው ነው፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። "ትንሽ ጭረት ነው" ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ምግብ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ያኔ በየከተማው ብዙ ልኳንዳ ስለሚዘጋ "እዚያ ሥጋ እንገዛለን" ብላችሁ አትነሱ። ባለ 24 ኪሎ ውሻ ደረቅ ምግብ ከሆነ በቀን 350 ግራም ገደማ ይበቃዋል። የመንገዱን ቀናት ጨምራችሁ ለሳምንት 2 ኪሎ ተኩል ያዙ፣ የለመደውን ዓይነት። ቤት የሚበሰል ሩዝና ሥጋ የለመደ ከሆነ የበሰለውን ጭኖ በረሃ መውረድ አይሆንም፤ ይበላሻል። ሩዙን በጥሬው ይዛችሁ እዚያው ቀቅሉለት፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ ደረቁ አሸጋግሩት። የምሳችሁን ወጥ አትስጡት፤ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የተጠበሰ ዓሣ አጥንትም ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና መሰል የሰው ማስታገሻ በፍጹም አትስጡ።

በጉዞው ጠዋት ሆዱ ባዶ ይሁን፣ ውሃ ብቻ። ማታ የበላው ይበቃዋል። ማዛጋት፣ ከንፈር መላስና ለሃጭ ማዝረብረብ ሲጀምር ሊያስታውከው ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አቁማችሁ 10 ደቂቃ አራምዱት። ማስታወክ ከከበደበት በክብደቱ ተሰልቶ የሚታዘዝ መድኃኒት ስላለ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። የሚያስተኛ መድኃኒት በራሳችሁ አትስጡት፤ ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል።

በተራ ቀን በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ለቦቢ ከ1.2 እስከ 1.4 ሊትር መሆኑ ነው። በሙቀት ይህ እጥፍ ስለሚሆን ለመንገድ ቀን 3 ሊትር ለብቻው ያዙ። በረሃው ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን ትንሽ ትንሽ እየደጋገማችሁ ስጡት።

የአፍ ማሰሪያ ከገዛችሁ አፉን ከፍቶ ሊያለከልክበት የሚችለውን፣ እንደ ቅርጫት የተሠራውን ግዙ። አፉን ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው የጨርቅ ዓይነት ክሊኒክ ውስጥ ለደቂቃዎች እንጂ ለመንገድ አይሆንም። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው።

የሙቀት ጉዳት ምልክቱ የማያቋርጥ ማለክለክ፣ በጣም የቀላ ድድ፣ የወፈረ ለሃጭና መንገዳገድ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41 ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ጥላ ውስጥ አድርጋችሁ ገላውን በሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ አርሱና አራግቡለት። እርጥብ ፎጣ ሸፍናችሁበት አትተዉት፤ ሙቀቱን መልሶ ያፍነዋል። ቴርሞ ሜትር ካላችሁ 39.5 ሲደርስ ውሃውን አቁሙ፤ ወደ ሐኪም መሄዱ ግን አይቀርም። ምሳ ስትበሉ ደግሞ መኪና ውስጥ ቆልፋችሁት አትግቡ። ውጭው 24 ዲግሪ ሆኖ መኪና ውስጥ በግማሽ ሰዓት ከ40 ያልፋል፤ መስኮት ገርበብ ማድረግ ብዙም አያድነውም።

አናጺው

ኋላ ወንበር ላይ በደረት ቀበቶ ይታሰር፤ ቀበቶው የመኪናው የደህንነት ቀበቶ ላይ ይቆለፋል። በአንገቱ ብቻ ከታሰረ ድንገተኛ ፍሬን አንገቱን ይጎዳዋል። ክፍት ጭነት ላይ ማሰር የሚያስቡ አሉ፤ ከዘለለ ገመዱ ላይ ይንጠለጠላል።

ሣጥን ካሠራችሁ ልኩ እንዲህ ነው። ለርዝመቱ ከአፍንጫ እስከ ጅራት መነሻ ለኩና የፊት እግሩን ከመሬት እስከ ክርን ያለውን ግማሽ ደምሩ። ስፋቱ የትከሻው ስፋት እጥፍ፣ ከፍታው ቆሞ ጆሮው የማይነካው። ወለሉ ኮምፔንሳቶ፣ ከላዩ የማያንሸራትት ላስቲክ፤ በሦስት ወገን አየር የሚያስገባ ፍርግርግ ይኑረው። ይህ ልክ ደብል ጋቢና ኋላ ወንበር ላይ ስለሚጠብ ወንበሩ ታጥፎ ሥሩ ተደልድሎ ነው የሚቀመጠው። ለእናንተ የደረት ቀበቶው ይበቃል።

ጣና ዳር

ወደ ሐይቁ እንምጣ። ሐይቁ ዳር፣ ውሃው አጠገብ፣ አጥር በሌለበት ሜዳ ላይ ከውሻ ጋር ድንኳን አትትከሉ።

አንደኛው ምክንያት ጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። በየሌሊቱ የሚሄድበት መንገድ አለው። ለማወቅ አያስቸግርም፦ የጋሪ መንገድ የመሰሉ ሁለት ጎን ለጎን የሄዱ ቦዮች፣ መሃላቸው ላይ ከፍ ያለ የሣር ጉብታ፤ የግራና የቀኝ እግሮቹ ለየብቻ የሚረግጡበት ነው። አራት ጣት ያለው ሰፊ ዱካ ታያላችሁ፤ እበቱንም በጅራቱ ስለሚበትነው ቁጥቋጦው ላይ ተረጭቶ ይገኛል። ደንገልና ፊላው መሃል ለመሃል ተከፍቶ ወደ ውሃ የሚያስገባ መተላለፊያ ካያችሁ ያ በሩ ነው። ጉማሬን ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣው በእሱና በውሃው መሃል መገኘት ነው። ውሻ ደግሞ ይጮህበታል፣ ያባርረዋል፣ ሲያሳድደው ወደ ጌታው ሸሽቶ ይመጣል፤ ጉማሬውም ተከትሎት። ከአመሻሹ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ቦቢ ከማሰሪያ አይፈታ፣ ወደ ውሃው ዳርም አይሂድ።

ሁለተኛው ጅብ ነው። የታሰረ ውሻ ለጅብ የተዘጋጀ ራት ነው። ሦስተኛው ሰው ነው፤ በዚህ ጊዜ ማንነታችሁ በማይታወቅበት ገላጣ ቦታ ማደር ለእናንተም ለአካባቢው ሰውም ጭንቀት ነው።

አጥርና ዘበኛ ያለው ግቢ ፈልጉ። ሐይቁ ዳር ሰፊ ግቢ ካላቸው ሆቴሎችና ሎጆች መሃል በክፍያ ድንኳን የሚያስተክሉ አሉ። ስትደውሉ መጀመሪያ "24 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አለን፣ ድንኳን ውስጥ ከእኛ ጋር ነው የሚያድረው" በሉ። እንግዳ መቀበያ ላይ ሻንጣ አውርዶ መከራከር ደስ አይልም። ክፍያው በሰው ነው ወይስ በድንኳን? ሌሊት የግቢው ውሾች ይፈታሉ ወይ? ይህን የመጨረሻውን ሳትጠይቁ እንዳትቀሩ፤ ብዙ ግቢ ቀን የታሰሩትን ማታ ይፈታቸዋል።

ጎርጎራ ጸጥ ያለ የሐይቅ ዳር ነው፤ የሰሜኑ ዳርቻ ስለሆነ ግን ከባሕር ዳር በጎንደር በኩል መዞር ይጠይቃል። ለሁለት ሌሊት አያዋጣም።

ድንኳን ተካይ

"ውሻው ውጭ ይታሰርና ድንኳኑን ይጠብቅ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔም ያስኬዳል ባይ ነኝ። አጥር ካለና ገመዱ አጭር ከሆነ ውጭ ቢያድር ምን አለበት? ለጥበቃም ይሆናል፣ ድንኳኑም በጭቃና በጸጉር አይበላሽም።

ጣና ዳር

ድንኳን ተካይ፣ አጥር ስንል የምን አጥር? የቁልቋል፣ የሽቦ ወይም የቀርከሃ አጥር ጅብን አይከለክልም፤ ከሥሩ ምሶ ይገባል። ሐይቅ ዳር ያለ ግቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሦስት ወገን እንጂ በውሃው በኩል አይታጠርም። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ ሲጮህ ጅቡን ይጠራዋል። ለጥበቃ ዘበኛ አለ። ቦቢ ወይ ድንኳን ውስጥ ይደር፣ ወይ መኪና ውስጥ። የኅዳር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ መስኮቶቹ በግራና በቀኝ ሦስት ጣት ያህል ተከፍተው ኋላ ወንበር ላይ ማደር አይጎዳውም። ፀሐይ ሳትወጣ ግን አውጡት።

ድንኳን ተካይ

የውሃው በኩል አለመታጠሩን አላሰብኩትም፤ ተቀብያለሁ። ውስጥ ካደረ የምጨምረው አለኝ።

ባለ ሁለት ሰው ድንኳን አይበቃችሁም፣ ባለ አራቱን ያዙ። የበሩ መረብ በጥፍር ይቀደዳል፤ ከጉዞው በፊት ጥፍሩ ይቆረጥ፣ መርፌና ክር ወይም ሰፊ ፕላስተር ያዙ። መረብ ሲቀደድ ትንኝ ይገባል፤ ባሕር ዳር ወባ አለ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ደግሞ የሚበረታበት ወቅት ነው። ግቢ ውስጥ ለአንድ ምሽት ተክላችሁ አለማምዱት። ዚፕ ሲዘጋ የሚደናገጥ ውሻ መጀመሪያ የሚያደርገው ግድግዳውን መቧጨር ነው።

ከጣና ዙሪያ ብዙው ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይላቆጣል። አጭር ካስማ በሁለቱም ጊዜ አይይዝም። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የብረት ካስማ ያዙና 45 ዲግሪ አጋድላችሁ ምቱት። ኅዳር ላይ አልፎ አልፎ ዝናብ ቢጥል መኪናውን ዋልካ ላይ አታስገቡት፤ አራቱም ጎማ ቢሳብ እንኳ ጭቃው ጎማውን ሞልቶ ያንሸራትተዋል። ከሥር የምታነጥፉት ሸራ ከድንኳኑ ወለል በሁሉም ጎን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነስ፤ ከወጣ ጤዛውን ሰብስቦ ሥራችሁ ያስገባዋል።

እሳት ከፈለጋችሁ የከሰል ምድጃ ይሁን፣ መሬት ላይ አታንድዱ። ደረቅ ደንገልና ሣር በንፋስ ይያያዛል። የውሻውም የሰውም ምግብ ሌሊት መኪና ውስጥ ይቆለፍ።

ባለ ቦቢ

እግዜር ይስጥልኝ። አጥር ያለው ግቢ እንፈልጋለን፣ ድንኳን ውስጥ ከእኛ ጋር ያድራል። ዋናውን ግን አልመለሳችሁልኝም፤ ቦቢ ውሃ ይወዳል፣ ቢዋኝስ?

ሐኪመ እንስሳ

አይዋኝ፣ ከሐይቁም አይጠጣ። የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በደቡቡ የሐይቁ ክፍል፣ ባሕር ዳር አካባቢ ጭምር፣ ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሳያኖባክቴሪያ (ውሃን አረንጓዴ የሚያደርግ ባክቴሪያ) መኖሩ በጥናት ታይቷል። ውሃው ሞቆ ሲረጋና ከከተማና ከእርሻ የሚገባ ንጥረ ነገር ሲበዛበት ይራባል፤ ንፋስ ወደ ዳር ሲገፋው አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ይከማቻል። መርዙ ጉበት ይመታል። ውሻ ጠጥቶ ብቻ ሳይሆን ከዋኘ በኋላ ጸጉሩን ሲልስም ይገባበታል። ማስታወክ፣ መድከምና የድድ መንጣት በሰዓታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ማርከሻ የለውም። ድንገት ከገባ ሳይልስ ወዲያው በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

ቀጥሎ አልቅት አለ። በረጋና ሣር ባለበት ውሃ ውስጥ ትንሿ አልቅት ሲጠጣ በአፍ ወይም በአፍንጫ ገብታ ትጣበቃለች። በአንድ አፍንጫ በኩል ብቻ ደም ከወጣው፣ ራሱን ካራገፈና ካስነጠሰው ጠርጥሩ። ማውጣቱ የሐኪም ሥራ ነው። የዓሣ አጥማጆች መንጠቆና የናይለን ክርም ዳር ላይ ተጥሎ ይገኛል፤ የዓሣ ሽታ ስላለው ይውጠዋል። ክሩ ከአፉ ወጥቶ ካያችሁ አትጎትቱት፣ መንጠቆው ይሰነጥቀዋል። እንደያዘ ወደ ክሊኒክ።

ቢልሃርዚያ ደግሞ ከውሻው ይልቅ ለእናንተ ለሰዎቹ የሚያሰጋ ነው። የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ዳር ላይ ባለው ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የበዛበት ውሃ ውስጥ ይኖራል፤ ውሻውን ለማውጣት እስከ ጉልበት መግባት ይበቃል። ለመታጠቢያ የሐይቅ ውሃ ብቻ ካለ ቀድታችሁ ሁለት ቀን አስቀምጡት፣ ወይም እስከ 50 ዲግሪ አሙቁና 5 ደቂቃ አቆዩት፤ ትሉ ይሞታል። ቦቢን ለማቀዝቀዝ የቧንቧ ውሃና የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በቂ ነው።

ቤተ እንግዳ

ወንድሜ፣ የጓደኛህን ቤት ነገር ማንም አላነሳውም። እንግዳ ተቀባዩ ዝም ቢል እንኳ የቤቱ እናት ልትጨነቅ ትችላለች። ስለዚህ ስልኩን ለጓደኛህ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሰዎችም ደውል፤ ውሻው የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያበላው፣ ኩሱን ማን እንደሚያነሳ ንገር። ሳሎን አይግባ። በረንዳ ወይም መኪና ማቆሚያው ሥር የራሱን ምንጣፍ አንጥፍለት። ጸሎት ላይ ያሉና የሚጾሙ አዋቂዎች ካሉ ቦቢ እንዳይልሳቸው፣ ልብሳቸውንም እንዳይነካ ጠብቅ፤ ይህን እንደ ትልቅ አክብሮት ያዩልሃል።

ሁለቱን ውሾች ግቢ ውስጥ አታገናኙ። የቤቱ ውሻ በሩን መጠበቅ ሥራው ነው፤ እንግዳ ውሻ ሲገባበት ይነክሳል። ሁለቱም በማሰሪያ ሆነው ከግቢው ውጭ፣ መንገድ ላይ፣ በ10 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ለ15 ደቂቃ ይራመዱ። ጭራቸው ሲለቀቅና መሬት ማሽተት ሲጀምሩ እየቀረባችሁ ሂዱ። ከዚያ የቤቱ ውሻ ቀድሞ ይግባ፣ ቦቢ ይከተል። ምግብ ከመምጣቱ በፊት ሁለቱም ይታሰሩ፤ ለየብቻ፣ በማይተያዩበት ይብሉ። ጠብ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በሳህን ነው። ቢያያዙ እጅ አታስገቡ፤ ውሃ ድፉባቸው ወይም ሰሌን መሃላቸው አስገቡ።

በግና ዶሮ ካለ ቦቢ አይፈታ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። በጉን ባይነክሰው እንኳ ካሯሯጠው እግሩ ይሰበራል፣ ያረገዘች ከሆነች ትጨነግፋለች። በግ ከታረደ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሾቹ አይጣል፤ ኮሶ ትል ይይዛቸዋል፣ ከእነሱም በኩስ ወደ ሰው ተላልፎ ጉበት ላይ የውሃ ከረጢት ያበቅላል። ከጉዞው በፊት የትል መድኃኒት መስጠት ለጓደኛህ ልጆች ስትል የምታደርገው ነው።

በከተማ ስታራምደው ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። አስፋልቱ ላይ የእጅህን ጀርባ ለ7 ሰከንድ አስቀምጥ፤ ካቃጠለህ መዳፉንም ያቃጥለዋል። ባጃጅ በየማዕዘኑ ድንገት ስለሚታጠፍ ማሰሪያው ከአንድ ሜትር ተኩል አይርዘም። መሬት ላይ የተጣለ ሥጋ እንዲያነሳ አትፍቀድለት፤ ለባዘኑ ውሾች ተብሎ መርዝ የሚጣልበት ጊዜ አለ።

ባለ ቦቢ

ይህን ለጓደኛዬም አነበብኩለት። ዘጌ ገዳማትና ጢስ ዓባይስ? ቦቢን ይዘን መሄድ ይቻላል?

ጣና ዳር

ገዳም አይሄድም። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፤ በሩ ላይ አስሮ መግባትም ለካህናቱ ድፍረት ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትንም ሆነ ሌሎቹን ለማየት ቦቢ ጓደኛችሁ ቤት ይዋል። አንዳችሁ ከእሱ ጋ ብትቀሩና በተራ ብትሄዱ ይሻላል። ሁለታችሁም ከሄዳችሁ በቀደመው ቀን ግማሽ ሰዓት ብቻውን ትታችሁ ሞክሩት፤ ካለቀሰና ገመዱን ካኘከ አትተዉት። ጀልባውን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉ ጉዞውን ያዘገየዋል፤ በጠዋት ከሄዳችሁ 6 ሰዓት ሳይሞላ ትመለሳላችሁ። በደንገል ታንኳ ላይ ውሻ አይጫንም፣ አንድ ጊዜ ቢዘል ይገለበጣል።

ጢስ ዓባይ ይቻላል። ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪ.ሜ ነው። በማሰሪያ፣ በጠዋት፣ ከከብቶቹ ርቃችሁ ሂዱ። ወደ ፏፏቴው በሚወስደው በጥንቱ የድንጋይ ድልድይ ላይ ሰው ሲያልፍ ዳር ይዛችሁ ጠብቁ፤ ጠባብ ነው፣ ውሻ የሚፈራ ሰውና ሕፃናትም ይመላለሱበታል። ፏፏቴው አጠገብ ድንጋዩ በጤዛው ስለሚያሟልጭ ወደ ጫፍ አታቅርቡት። በዛዊት ኮረብታም ለጠዋት እርምጃ ይመቻል፤ ከላይ ሆናችሁ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲታጠፍ ታያላችሁ።

የጎጃም መስመር

ስትመለሱ አቀማመጡ ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ይለወጣል። ደብረ ማርቆስ አድራችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሳችሁ ከ2 ሰዓት በፊት ደጀን ናችሁ፤ በረሃውን በብርድ ትጨርሱታላችሁ። ወደ ጎሐ ጽዮን ያለው ዳገት ረጅም ስለሆነ የራዲያተሩን ውሃ ደብረ ማርቆስ ላይ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ፣ ሞተሩ ሳይግል። ዳገቱ ላይ ሙቀቱ ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፉና መስኮት ክፈቱ፤ የቦቢን በኩል ግን ራሱን እስከማያወጣ ድረስ ብቻ።

ሐኪመ እንስሳ

መዥገርን አልጨረስንም። በየማታው ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ፣ የጣቶቹ መሃልና ጅራቱ ሥር በእጃችሁ ዳስሱት። ካገኛችሁ በወረንጦ ቆዳው ድረስ ቀርባችሁ ያዙና ሳትጠመዝዙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ናፍጣ፣ ጋዝ ወይም ክብሪት አትጠቀሙ፤ መዥገሯ ስትጨነቅ የሆዷን ወደ ቁስሉ ትተፋለች። ለከብት የሚሸጥ የመዥገር መድኃኒት በግምት በጥብጦ ውሻ ላይ ማፍሰስ በየጊዜው ውሻ ይገድላል፤ መጠኑ ለከብት የተሠራ ነው፣ ውሻም ራሱን ይልሳል። ለውሻ የተሠራ ጠብታ ወይም የአንገት ቀበቶ ከጉዞው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ይደረግለት።

እዚያ ሳላችሁ ሐኪም ካስፈለገ ጓደኛችሁ ባሕር ዳር ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ስልክ አስቀድሞ ይያዝ። ለከበደ ነገር ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ከተመለሳችሁ በኋላ ለሦስት ሳምንት ተከታተሉት፦ ትኩሳት፣ ምግብ እንቢ ማለት፣ የአፍንጫ መድማት ወይም ሆዱ ላይ ትናንሽ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ ሊሆን ስለሚችል ደሙ ይመርመር። ቀድሞ ከተደረሰበት በዶክሲሳይክሊን ይድናል። ለሐኪሙ የሄዳችሁበትን ቀን፣ ያደራችሁበትን ቦታና መዥገር ያገኛችሁበትን ቀን ንገሩት።